ዋሲላሽን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጪ

ትለምሰን፣ ማክሰኞ ሐምሌ 9 ቀን

ለልጄ ለዋሲላ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽልኝ? የሊዮን ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ሌሊት መስኮት ከፍተሽ እንዳትተኚ፣ ደረትሽ እንደ አባትሽ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፣ ምላሴ ግን እንደምታውቂያት ጤነኛ ናት።

መልእክትሽ ደርሶኛል። በስልክ ጠይቀሽኝ በወረቀት የምመልስልሽ ስላረጀሁ አይምሰልሽ። ስልክ ውስጥ የገባ ነገር የት የት እንደሚዞር ከአንቺ ከራስሽ ተምሬያለሁ።

ሁለት ነገር ነው የጠየቅሽኝ። አንዱ፣ "እማ፣ ለአመል ሰርግ ልምጣ? ቲኬት ልግዛ?" የሚለው ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ያለችው፣ "ሰሞኑን ምን ፊልም አያችሁ?" የምትለዋ፣ ዓርብ ዓርብ ስንደዋወል የምትጠይቂኝ። ቀላሉን ላስቀድምልሽ። ከባዱ ራሱ ከኋላው ተከትሎ ይመጣል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ የሰርጉን ካዕክ ሊሠሩ እኛ ቤት ተሰብስበው ነበር። ሊጡን እያድቦለቦልን፣ እንደ ቀለበት እያጠፍን፣ ሰሊጥ እየነሰነስን ቁጭ ብለናል። እህትሽ አመል ሙሽራ ናትና እጇን ሊጥ አናስነካትም፤ ከትሪ ወደ ምድጃ ማመላለስ ግን አልቀረላትም። ፀጉር ሠሪዋ ኸይራ እንደ ልማዷ አፏ ሲከፈት እጇ ቆመ።

"ትናንት አንድ ፊልም አይቼ ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ" አለች። "ሰውዬው ሚስቴ ሞታለች ብሎ ሃያ ዓመት በሐዘን ሲማቅቅ፣ ለካስ ሴትዮዋ ከበላዩ ፎቅ ላይ ናት!"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ አልተገናኙም?" አለች ጎረቤታችን እትዬ በድራ።

"ሊፍት አላቸዋ!"

"ቆሻሻስ አይደፉም? ዳቦ አይገዙም?"

"በድራ፣ ፊልም እኮ ነው! አንቺ ፊት ማን ተረት ያወራል? እንደ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ማስረጃ ትጠይቂያለሽ።"

"እኔ ውሸት አላይም" አለች በድራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ታውቂያታለሽ፣ ዘጋቢ ፊልም ብቻ ነው የምታየው፤ ሌሎቻችንን እንደ ሕፃን ነው የምትቆጥረን። "ትናንት ማታ ስለ ንስር አየሁ። እናትየዋ ሁለት ጫጩት አላት። ትልቁ ትንሹን ይነክሰዋል። ይነክሰዋል፣ ይነክሰዋል፣ ጭንቅላቱ እስኪላጥ። እናት ተብዬዋ ከጎኑ ቆማ ታያለች።"

"ወይኔ! ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሞተ።"

"የሚቀርጹት ሰዎችስ ዝም አሉ?"

"ይቀርጻሉ እንጂ! ክንድ የሚያህል ካሜራ ይዘው ድንጋይ ሥር ተጋድመዋል። እጃቸውን ቢዘረጉ እኮ ያነሱት ነበር። ምን ዓይነት አንጀት ቢኖራቸው ነው ቆመው…"

እዚህ ላይ ቆመች። ሁሉም ሊጡን ማየት ጀመረ። እንደዚያ ቀን ሊጥ በጥንቃቄ ሲታይ አይቼ አላውቅም።

ያዳነን ከኸይራ ጡት መያዣ ውስጥ የጮኸ ስልክ ነው። በድራ ከሐፍረቷ መውጫ ስላገኘች ወዲያው ተነሳችባት። "ዋሲላሽን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጪ አላልኩሽም?"

አዎ የኔ ልጅ። እዚህ ሰፈር እንዲህ ነው የሚባለው አሁን። ከፊልምሽ ወዲህ የሴቶች ስብሰባ ላይ ስልክ ማለት ዋሲላ ነው። "ዋሲላሽን አጥፊ"፣ "የማን ዋሲላ ነው የሚጮኸው?" ይባባላሉ። ትናንሾቹ ሴቶች ስሙ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁም።

አመል የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። "እህቴ ስም አላት!" አለች።

"አላት እንጂ፣ የኔ ቆንጆ" አለች በድራ በለሰለሰ ድምፅ። "ስሟን ነው የጠራነው።"

በድራን አትቀየሚያት። ያ የሴቶች ብቻ የሂና ሌሊት የልጇ ነበር፣ ቤቱም የእሷ። በራፍ ላይ ቅርጫት ይዤ የቆምኩት ደግሞ እኔ። የሁሉንም ስልክ ስሰበስብ፣ አንቺ ካሜራሽን አንጠልጥለሽ መጣሽ። በድራ አየችኝ። "ልጄ ናት፣ ለማስታወሻ ነው፣ ለሙሽራዋ ነው" አልኳት። "አንቺ ካልሽማ" አለች። ሴቶቹ ሻሻቸውን የፈቱት፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የጨፈሩት፣ ባዶ አፋቸውን ከፍተው የሳቁት በዚያች በእኔ አንድ ቃል ነው።

ፊልምሽን አላየሁትም፣ አላይምም። መጋቢት ላይ አይተሽዋል ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝም መብራት ጠፍቶ ነበር ብዬሻለሁ። የሰዎችን ወሬ ነው የምነግርሽ። የአጎትሽ የጉቲ ሚስት ሰቲ ስትጨፍር፣ ያ አረንጓዴ መብራት ጉንጯ ላይ ሲያርፍ፣ ሃያ ዓመት የቀነሰላት ትመስላለች ይላሉ። ከዚያ ላብዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ቀጥታ ወደ ካሜራው እያየች፣ "እናንተ ጉቲን ትፈሩታላችሁ! የጨርቅ ተራው ሁሉ ሲያልፍ ይነሳለታል! በሰርጌ ሌሊት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ እኮ!" ትላለች። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አንዷ ከሳቋ ብዛት ወለሉ ላይ ትንከባለላለች። ከዚያ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ሂናው ሳህን ይወርድና ሙዚቃው ይገባል። እንደዚያ ነው ይላሉ።

እኔ ግን ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፣ ዋሲላ። ሰቲ እዚያ ላይ አላቆመችም። ሳቁ ሲበርድ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። "ያለቀሰው ለእኔ ነው" አለች። "አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰማ። 'ማን ነው እንዲህ ያስፈራራሽ?' አለኝና እሱ ራሱ አለቀሰ። ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፈ። ና እስክለው ድረስ፣ ክረምቱ እስኪወጣ፣ እዚያው ተኛ። እናቱ በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ ስትጠይቀው 'ደህና ነን እማ' ይላታል።" በድራ ቤት ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። አንቺም አልቅሰሻል። ካሜራውን ሳታወርጂ በእጅጌሽ እንባሽን ስትጠርጊ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለምን ቆረጥሽው ብዬ አልጠይቅሽም። ሳቁ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰዎቹም አዳራሽ ሙሉ ቆመው አጨብጭበውልሻል፣ ሽልማቱንም ከነፎቶው ልከሽልናል፣ ደስ ብሎሽ። በሳምንቱ ያቺ የሰቲ ክፍል ብቻዋን ተቆርጣ ትለምሰን ውስጥ ያልገባችበት ስልክ አልነበረም።

አጎትሽ ሐጅ ጉቲ ሱቁን ሲከፍት ከወዲያኛው መደዳ አንዱ እንደ ሕፃን "እንጌ!" ይላል። ከወዲህኛው ሌላው ይቀበለዋል። ከእሱ በዱቤ ጨርቅ ወስደው ሱሪ ያሰፉ ጎረምሶች! ጨርቁን እየቆረጠ አንገቱን ሳያነሳ ይሰማል። አንድ ሐሙስ ግን አንድ ደንበኛው፣ የጎልማሳ ልጅ አባት የሆነ ሰው፣ ሒሳቡን ሲከፍለው መሐረብ አወጣና ሰጠው። ሱቁ ያን ቀን ተዘጋ፤ እንደተዘጋ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻውን ይተኛል፣ ብቻውን ይበላል። ከዚያ ወዲህ ሰቲን አንዲት ቃል አልተናገራትም። ቢፈታት ይሻላት ነበር። ምግብ ደረጃው ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ሳህኑን አጥቦ ይመልስላታል።

ወደ እሁዱ ልመልስሽ። ካዕኩ ሁለተኛ ትሪ ላይ ሲደርስ በሩ ተንኳኳና ራሷ ሰቲ ገባች። ከፊልምሽ ወዲህ ሰው መሃል ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከስታለች። ኸይራ ደንግጣ፣ ወሬ ለማስቀየር ብላ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? "እትዬ ሰቲ! እንኳን መጣሽ! ሰሞኑን ምን ፊልም አየሽ?"

በድራ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰቲ እጅጌዋን ጠቅልላ ቁጭ አለች፣ ሊጥ ቆንጥራ ወሰደች። "አንድ አይቻለሁ" አለች። "አፏ የማይከደን የአንዲት አሮጊት ነው። ጭፈራዋ ለክፉ አይሰጥም። መጨረሻው ግን ጎደለብኝ።"

አንድም ሰው አልሳቀም። ከዚያ ራሷ ሳቀች፤ እኛም ፈቃድ እንዳገኘን ሁሉ ሳቅን፣ በጣም ሳቅን፣ አንዳንዳችን እያለቀስን። ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረች። "ዋሲላ ለሰርጉ ትመጣለች?"

ሰሊጡን አስጠጋሁላት።

"ትምጣ" አለች። "የቀረውን ካልጣለችው ይዛው ትምጣ። ፍራሹን ታሳይልኝ። ለከተማው ሁሉ ታሳይልኝ።"

"እውነቷን ነው!" አለች በድራ። "ያንን ቢያዩ አፋቸውን ይይዛሉ!" አመል አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፣ ቀሚሷ ዱቄት በዱቄት ሆነ። "እማ፣ አሁኑኑ ልደውልላት?"

"ቆይ" አልኳት። "አጎትሽን ልጠይቀው።"

ታውቂያለሽ፣ አባትሽ ከሞተ ወዲህ አመልን የሚድራት እሱ ነው። እሱ ከወንዶቹ ፊት ቁጭ ብሎ የጋብቻውን ፋቲሐ ካልቀራ ሰርግ የለም። እኔንም አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ፣ የዳረኝ እሱ ነው። እንዲያውም ያኔ ያለቀሰ እንደሆን እንጃ፤ አላየሁትም፣ ማንም አላየውም።

ትናንት ካዕክ በሳህን ይዤ እሱ ወዳለበት ፎቅ ወጣሁ። ቴሌቪዥኑን ከሱቁ ባመጣው ምርጥ ወይን ጠጅ ከፈይ ሸፍኖታል። ጢሙን አሳጥሮታል። "ተቀመጪ ዙሊኻ" አለኝ። ሰቲ ያለችውን ነገርኩት። የቀረው ይታይ፣ ዋሲላ ጋ አለ፣ አንተም ስምህ ይመለሳል አልኩት።

"የቀረው የቱ ነው?"

"ያው… የፍራሹ።"

ሳህኑን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ቀስ ብሎ፣ "ሳቃቸውን ለምጄዋለሁ" አለ። "እሱን ይያዙት። ፍራሹ የእኔና የሰቲ ነው።"

"ሰቲ እኮ ራሷ ናት…"

"ሰቲ ለሴቶች ነው የነገረቻቸው። ሰቲን አልተቀየምኳትም፣ ንገሪያት። ፊቷን ሳይ ግን ሰዉ ሁሉ አብሮኝ የሚያያት ይመስለኛል፤ እሱ እስኪለቀኝ ነው።" ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ጠየቀኝ፣ ወላሂ እንደ ሕፃን፦ "ሰርጉ ላይ ካሜራ ይኖራል?"

"አይኖርም።"

"ልጅትዋስ?" ስምሽን አልጠራም።

እናት ነኝና፣ የማደርገውን አውቄ፣ "አትመጣም" አልኩት።

"በራሷ ፈቃድ ነው?"

"በራሷ ነው። ሥራ ይዟታል።"

ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ካዕክ አነሳና በላ። "እንግዲያው አመልን እኔ እድራታለሁ" አለ።

መልሱ ይሄው ነው፣ የኔ ልጅ። ቲኬት አትግዢ። ከገዛሽም መልሺው። የቀረው ቁራጭ ካለሽ ደግሞ፣ ለማንም ሳታሳዪ አጥፊው፤ የበደልሽው ሳያንስ በደግነቱ ደግሞ ልታዋርጂው አይገባሽም።

ለአመል፣ "መምጣት አልችልም ብላ ጽፋልኛለች" ብያታለሁ። ትናንት ማታ ስታለቅስ አመሸች፤ ዛሬ ጠዋት ተነስታ "እሷ ሁልጊዜም እንዲህ ናት" አለች። እኔም አላረምኳትም። ሰቲም ሰማች፤ ያንቺን ድርሻ ካዕክ ከፍላ አስቀምጣልሽ ነበር፣ ለኸይራ ልጆች ሰጠቻቸው። አመል ሳትደውልልሽ አትቀርም። ስትደውል እንደዚያው በያት። ለምን ብላ ትነዘንዝሻለች፣ ታለቅሳለች፤ አታብራሪላት። ታሪክ የት ላይ እንደሚቆረጥ አንቺ ታውቂበታለሽ።

ዓርብ ዓርብም ለጊዜው አትደውዪልኝ። የሚወራ ፊልም የለኝም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ። ሲሳይሽን ያስፋልሽ። ባለሽበት አገር የሚያዝንልሽ ሰው አያሳጣሽ። ገመናሽን ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ይሸፍንልሽ፤ የሚሸፍን እንጂ የሚገልጥ ሰው ቤትሽ አይግባ።

እናትሽ
ዙሊኻ