አዲሱ ፍሪሲዮንና ግራ እግሬ

ሰኞ

ጋሼ ታደሰ የጎታች መኪናችንን ቁልፍ ሲሰጡኝ ያዩት ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው። “ሐያት፣ ይቺ ግራ እግርሽ ሥራ ሲጠፋ ወለሉ ላይ ትረፍ። ፔዳሉ የእግር ማሳረፊያ አይደለም” አሉኝ። አፈርኩ። ሶማሌ ተራ ካለው መካኒክ ሁሉ ባሌ ሰኢድ የሚያምነው እሳቸውን ብቻ ነው።

አዲስ ገጥመው ያወጡትን የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ አሳዩኝ። ከሰል መስሏል። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

የታዘዝኩት፦
— ለአንድ ሳምንት ምንም መኪና አለመጎተት። ባዶዋን ብቻ መንዳት።
— ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን መያዝ እንጂ በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ አለመቆም።
— ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ግን አለማንቀርፈፍ። (የቱ ጋ ነው ቀስታው አልቆ ማንቀርፈፍ የሚጀምረው?)

ሰኢድ ወገቡ ከተጎዳ ስምንት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ እሱ ቤት ሆኖ ስልክ ያነሳል፤ እኔ የተበላሸ መኪና ላነሳ እወጣለሁ። እሱ ሃያ ዓመት የነዳትን መኪና እኔ በስምንት ወር ፍሪሲዮኗን አቃጠልኩ። ማንም በግልጽ እንዲህ አላለኝም። ወንድሙ ኑሩ ብቻ ትናንት ቤታችን ቁጭ ብሎ “ሾፌር ለምን አትቀጥሩም?” አለ። ሰኢድ አዎም አላለ፣ አይሆንምም አላለ። ዝም ማለቱ ከኑሩ ንግግር በላይ ከነከነኝ።

ማክሰኞ

ከአማኑኤል ጎጃም በረንዳ፣ ከጎጃም በረንዳ አማኑኤል። ባዶዬን። ጋሪ ገፊዎቹ “ዛሬ ሽርሽር ነው እንዴ?” እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ጎጃም በረንዳ ልዞር የኋላ ማርሽ ሳስገባ ክርርር! መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ደጋግሜ ስረግጠው ግን ገባ። ሰኢድ ጋ ደወልኩ። “ደጋግመሽ ስትረግጪው ከገባ የፍሪሲዮኑ ዘይት መስመር ውስጥ አየር ቀርቷል ማለት ነው። ጋሼ ታደሰ ጋ ሂጂ” አለኝ።

ጋሼ ታደሰ ከመኪናዋ ሥር ተጋደሙ፣ እኔ ፔዳሉ ላይ። “ርገጪ! ያዢ! ... ልቀቂ!” አየሩ ከዘይቱ ጋር ፊሽ እያለ ወጣ። ማርሹ አሁን ድምፅ የለውም። በጣም ደስ አለኝ። የእኔ ጥፋት አልነበረማ!

ረቡዕ

ትንቀጠቀጣለች።

ማርሹ ይገባል፣ አይጮህም፤ ግን በአንደኛ ስነሳ መላ ጋቢናው ይርገፈገፋል። ሜዳ ላይ ትንሽ፣ ዳገት ላይ ብዙ። ከሄደች በኋላ ደህና ናት። የባሰው ደግሞ ኑሩ ሱቁ ድረስ አድርሺኝ ብሎ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ይዞ “እንዲህ ነው የምትነጂው?” አለኝ።

እሱን ካወረድኩ በኋላ ጫማዬን አውልቄ ሞከርኩ፤ ፔዳሉ በደንብ እንዲሰማኝ። ያው ነው። ጎማ የሰቀልኩ፣ ሰንሰለት የጎተትኩ ሴትዮ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሁለተኛውንም አቃጠልኩት ብዬ ነው።

ለሰኢድ አልነገርኩትም።

ሐሙስ

ጆንያ የጫነ መኪና መንገድ ዘግቶ ቆሟል፣ ድረሱልን የሚል ስልክ መጣ። እስከ ሰኞ አልጎትትም አልኩ። ሌላ ጎታች ሄደ። ሰኢድ ሰምቶ “ጥሩ አደረግሽ” አለኝ። ሲያመሰግነኝ ደግሞ መደበቁ አቃተኝ፤ የመንቀጥቀጧን ነገር ዘረገፍኩለት። የኑሩንም።

ከዚያ “ነገ ከጁምዓ በኋላ አብሬሽ እወጣለሁ” አለ። ከተጎዳ ወዲህ ጋቢናዋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ዓርብ

መወጣጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ወገቡ ሥር ትራስ አደረግኩለት። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ዓይኑን ከግራ እግሬ ላይ አላነሳም። ላብ በላብ ሆንኩ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “እግርሽ የት ተማረ እንዲህ?” አለኝ።

“አንተን ሳይ ነዋ” አልኩት።

“እኔ እንደዚህ አልነዳም። እኔ እቸኩላለሁ።”

ዳገቱ ላይ ስነሳ ግን ያው ተርገፈገፈች። “አቁሚ። ልሞክራት” አለ። ወገብህ ብል አልሰማኝም። ቦታ ተቀያየርን። ሃያ ሜትር ቢነዳ ነው። በእሱም እግር ተንቀጠቀጠች! እንደውም ከእኔ ባሰ። ዞሮ አየኝና ሳቀ፤ ወገቡን ይዞ ሳቀ። እንደዚህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ወር ሆነኝ።

ቅዳሜ

ከሰኢድ ጋር ሶማሌ ተራ። ጋሼ ታደሰ ኮፈኑን ከፈቱና “ሐያት፣ የእጅ ፍሬኑን ያዢና ለመነሳት ሞክሪ” አሉኝ። ፔዳሉን ስለቅ ሞተሩ ከቦታው ዘለለ። “በቃ አጥፊ፤ ሞተሩን የያዘው ጎማ ተቆርጧል። እዩት፣ የቆየ ነው። በሽቦ የታሰረውስ ምንድነው?”

ሰኢድ አንገቱን ደፋ። “እኔ ነኝ ያሰርኩት። ከመጎዳቴ በፊት። ሰሞኑን እቀይረዋለሁ ብዬ ... ከዚያ የወገቤ ነገር መጣ፣ ረሳሁት።”

“አሮጌውንም ሸራ ቶሎ የጨረሰው ይሄው ይሆናል” አሉ ጋሼ ታደሰ። ቀጥለው ደግሞ “እኔም አዲሱን ስገጥም ይሄን ማየት ነበረብኝ። ዓይኔ ፍሪሲዮኑ ላይ ብቻ ነበር” አሉ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልናደድ ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ዕቃውን ልፈልግ ሄድኩ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ አገኘሁት።

ተገጠመ። ተነሳሁ። እንደ ውኃ ሄደች!

ሰኢድ ማታ ኑሩ ጋ ደውሎ ነገረው። ሽቦውንም ሳይደብቅ።

እሑድ

አልነዳሁም። ልብስ አጠብኩ። ጥሩ እንቅልፍ።

ሰኞ

የመጀመሪያዋ፦ አንዲት ባዶ ሚኒባስ፣ አማኑኤል ዳገቱ ላይ። ሰቀልኳት። የእጅ ፍሬን። አንደኛ ማርሽ። ፔዳሉን ቀስ ... ያዘች፣ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ወጣን። ጋቢናው ፀጥ እንዳለ። ግራ እግሬን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ።

ቤት ስገባ ሰኢድ ስልክ ላይ ነው። ሌላ ጆንያ የጫነ ትልቅ መኪና ነገ ጠዋት ይነሳልን ይሉታል። “ቆይ፣ ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው። ይችል እንደሆነ የምታውቀው ሐያት ናት፣ ልጠይቃት” አላቸው። ከዚያ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር።

ትንሽ አሰብኩ። “ግማሹን ጆንያ ያውርዱና እመጣለሁ በላቸው” አልኩት።

እንዳልኩት አላቸው። እሺ ብለዋል። ነገ እንግዲህ እናያለን።