የአባትሽ ጋቢ

ልጄ ሩሃማ፣ ለትምህርት በሄድሽበት አገር የድንግል ልጅ ከፊትሽም ከኋላሽም አይለይሽ። ባጊዮ ከተማው ተራራ ላይ ስለሆነ ይበርዳል አሉኝ፤ ሹራብሽን እንዳትረሺ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል፤ ሂተሩን አሠርቻለሁ።

ከቀበርነው ሁለት ዓመት ያለፈው አባትሽ ሰሞኑን በሕልሜ ይመጣል። አይናገርም፤ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አረጋውያን በምንጦርበት ናርሲንግ ሆም አብራኝ ለምትሠራው ለማርሴላ ነገርኳት። እሷ የዚያው አንቺ ያለሽበት ተራራ ሰው ናት፣ ከኢባሎይ ጎሣ። እነሱ ዘንድ የሞተ ሰው በሕልም መጥቶ በረደኝ ካለ፣ አጽሙን አውጥተው ያጸዱና በአዲስ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ይመልሱታል። አሳማም ያርዳሉ፤ እሱን ተዪው።

“ባልሽን ምን አልብሰሽ ቀበርሽው?” አለችኝ። ሙሉ ልብስ አልኳት። ጋቢውን ከሬሳ ሣጥኑ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጠረኑ ስላለበት ሳሳሁ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

እዚህ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ያለውን መቃብሩን ማስከፈት አይታሰብም፤ አበባ እንኳ ብናስቀምጥ ሣር አጫጆቹ ያነሱታል። እባክሽ የኔ ልጅ፣ እዚያ ካሉት የኢባሎይ ሽማግሌዎች አንዱን በትሕትና ጠይቂልኝ። ጋቢውን አፈሩ ላይ ባለብሰው ይደርሰዋል ወይ? ማርሴላን ብጠይቃት አላውቅም አለችኝ።

እግዚአብሔር እንቅልፍሽን ሰላም ያድርገው፤ እኔ የማየውን አያሳይሽ። ግን ቶሎ መልሽልኝ። ይህን ስጽፍልሽ ጋቢው ትከሻዬ ላይ ነው። እኔንም ይበርደኛል።

እናትሽ አጸደ