እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋል?

ለእህቴ ልጅ ለነዝሪን፣

ከደቡብ አፍሪካዋ ሳይመንስ ታውን እስከ ለንደን ያለውን ባሕር ሁሉ ተሻግሮ የአጎትሽ ሰላምታ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያበሸቀኝ የእሁዱ ጣፋጭ ቁርሴ፣ ኩሲስተሬ ነው። ኮኮናቱ ገና ተነስንሶበት ሳልቀምሰው ዝንጀሮ በላብኝ!

እንዴት ገባ በይኛ። ዝንጀሮ ከተራራው ሲወርድ ሰፈሩ «እንግዳ!» ብሎ እንደሚጮኽ፣ ሁላችንም በር እንደምንቀረቅር ታውቂያለሽ። ቃሉን ያወጣችው ራሷ እናትሽ ናት። እሁድ ግን ጩኸቱን ስትሰማ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሳህኔንም አቀረበችለት።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«እንግዳ መጣ ሲሉ አልሰማህም? ስስታም! እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋል?»

ሳቅሁ። ጎረቤታችን ማይሙና ግን አልሳቀችም።

ነገ ሁለተኛ መቀርቀሪያ እመታለሁ፤ ለዝንጀሮው ነው። የእናትሽ እጅ እንዳይደርስበት ከፍ አደርገዋለሁ። ዝንጀሮ መዝለል አያቅተውም ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ደግሞ ለዒድ እመጣለሁ ያልሽውን ብታስቀድሚው አይከፋም፤ ኩሲስተሬን የሚጠብቅልኝ ሰው ስለጠፋ ነው።

እናትሽ አሁን ጓዳ ተኝታለች።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ዝንጀሮ መቼም አያንኳኳም።

በመስኮት ሳይ ማይሙና ናት። እናትሽን ክንዷን ይዛታለች፤ የእናትሽ ባዶ እግር አሸዋ ለብሷል።

«ቡታ ረሺድ፣ ወንድሜ፣ ባሕሩ ዳር ፔንግዊኖቹ መሃል ተቀምጣ አገኘኋት» ትላለች ማይሙና።

እናትሽ ደግሞ በገዛ በሯ ላይ ቆማ፣ «ይቅርታ፣ እንግዳ ነኝ፤ መግባት ይቻላል?» ትለኛለች።

ልክፈትላት። ሰላም ሁኚልኝ።

አጎትሽ ረሺድ