ሁለተኛው መርፌ

ላፍቶ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ቤቴል፣

ሴኡል ብርዱ ገባ ብለሽኛል፤ ደረትሽን ሸፍኚ። ትምህርቱ እንዳይጫንሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከታክሲ ስወርድ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ። ሰሞኑን ምንም ሳልሠራ ይደክመኛል።

ለጉበትሽ ቫይረስ የሚሞከረውን ክትባት የሚያስረዳውን ወረቀት፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ደራርቱ አተመችልኝ። በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። «እትዬ ውብነሽ፣ በዚህ ዕድሜ ዶክተር ሊሆኑ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «አንቺ ሳታነቢ ትሸጪ የለ? እኔ ሳልሸጥ ባነብ ምናለበት?» አልኳት።

የገባኝ ይህ ነው። ክትባቱ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ለሰውነትሽ ቫይረሱን የሚያሳውቅ ትእዛዝ ነው። በመርፌ ብቻ ሲሰጥ አብዛኛው ሴሉ ውስጥ ሳይገባ ይጠፋል። ስለዚህ ወዲያው በኤሌክትሪክ ይነዝሩሻል፤ የሴሉ ሽፋን ለቅጽበት ይከፈታል። ያለ መርፌ በግፊት የሚረጭም፣ በወርቅ ብናኝ ላይ ተለጥፎ ቆዳ ውስጥ የሚተኮስም አለ። ለአንቺ የደረሰሽ የሚያመው ነው። «ክንዴ ብቻውን ዘለለ» ስትዪኝ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ «ሁለተኛውን መርፌ ልተወው? ክኒኑም ሰልችቶኛል፤ አባዬ በእምነት እንዳቆመው እኔም ላቁም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሱ የስልክ ወሬ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ።

መርፌው ገና ሙከራ ነው፤ ይሠራል ብዬ አልዋሽሽም። ሕመሙን ለሐኪሞችሽ ንገሪ፤ ብትተዪውም አይቀየሙሽም። ክኒኑን ግን አንድ ቀን እንዳታቋርጪ።

አባትሽ ሉቃስም ለዚሁ ቫይረስ ክኒን ይውጥ ነበር፤ አንድ እሑድ ጎፋ ጸሎት ቤታችን ቆሞ «ተፈውሻለሁ» ብሎ መሰከረ። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ቤት ስንገባ ክኒኑን ፈለገ።

«ውቤ፣ የት ሄደ?»

«መስክረህ ስታበቃ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በአራተኛው ወር ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። በቀብሩ ላይ «በእምነቱ ጸንቶ አለፈ» ሲባል፣ እኔም ከሰው ጋር አሜን አልኩ።

የክኒኑ ብልቃጥ ዛሬም በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ያኔ እንዳስቀመጥኩት አለ። አባትሽ ያንን መሳቢያ ከፍቶት አያውቅም።

ያን የነዘሩትን ክንድሽን ጌታ በእጁ ይዳብስልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው። ክኒንሽን ስትውጪ ደውዪልኝ። ተቆጥተሽ ባታናግሪኝም ግድ የለም፤ ውኃውን ስትጠጪ ብቻ ልስማ።

እናትሽ ውብነሽ