ያልሸተተኝ ቤንዚን

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አፍንጫዬ ማሽተት ካቆመ አራት ዓመት አልፎታል። ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴን አስካለን የወሰደው በሽታ እኔን ምሮ ሲሄድ ይህችን ይዞ ሄደ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ኃጢአት አይደለም ብዬ። ዛሬ እንጃ።

ጠዋት አምስቱን ልጆች ከሀና ማርያም ወደ ትምህርት ቤት ስወስድ ሶልያና ከኋላ ወንበር፣ «አባባ ታደሰ፣ መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይላል» አለችኝ። ሌሎቹ አራቱ ሳቁባት። አንዱ፣ «ቤንዚን ጠጥተሽ ነው የፈሳሽው» አላት። እኔ «የፊተኛው የጭነት መኪና ነው» ብዬ መስኮት አስከፈትኩ። ከፊታችን የጭነት መኪና አልነበረም።

የሞተሩ ቢጫ መብራት ከበራ ሳምንቱ ነው። መኪናዋ ጉልበቷ አልቀነሰም፣ ድምጿም ያው ነው። የቀረኝ ጆሮ ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ ምንም አልነገረኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሀይሌ ጋርመንት ያለው መካኒኬ ሙላት ኮምፒውተሩን ሰካ። በታንከሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ተን ግፊት የሚለካው ሴንሰር ነው አለኝ። ተኑ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተይዞ ሞተር ውስጥ ይቃጠላል፤ ሲያመልጥ ሴንሰሩ ይናገራል።

ከዚያ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ቤንዚን ይሸታል እንዴ?»

«አይሸትም» አልኩት።

ለምን አልኩ? «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት።

«እንግዲያው የሚያመልጥ ነገር የለም፤ ሴንሰሩ ራሱ ነው የሞተው» አለ። ያገለገለ ይፈልግልኛል። «እስከዚያ ይንዱ፣ ይሄ መኪና አያስቆምም። ስንቱ መብራቱን ነቅሎ ነው የሚነዳው።» የኔን ቃል አምኖ ነው የፈረደው።

ቤት ገብቼ የአስካለን ነጠላ ከሳጥን አወጣሁ። አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። ጨርቅ ነው። ለሰው መናገር የማልችለው ይህን ነው። ስለ አፍንጫዬ ማውራት ከጀመርኩ እዚህ መድረሴ አይቀርም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ረፋድ ላይ ሴንሰሩ ተቀየረ። መብራቱ ጠፋ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ማደያ። ሰልፉ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እንደ ሁልጊዜው መኪናዋን ግራ ቀኝ እያስነቀነቅሁ እስከ አፏ አስሞላኋት። ነገ ይገኝ አይገኝ ማን ያውቃል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ተመልሶ በራ።

ከትምህርት ቤት ሳመጣቸው ሶልያናን መንገድ ላይ አስመለሳት። እናቷ ወይዘሮ ሰናይት በር ላይ ተቀብላ ዩኒፎርሟን አሸተተች። «ጋሽ ታደሰ፣ ልብሷ ሁሉ ቤንዚን ነው። እርስዎን አይሸትዎትም?»

«ማደያ ቆይቼ ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ስለሆነ ቶሎ አመነችኝ። የባሰው እሱ ነው።

በሯ ላይ ቆሻሻ ተከምሯል። ዓርብ ኅዳር ሲታጠን ነው። ስመለስ እያየሁ መጣሁ፤ የመንትዮቹ በር ላይ ክምር፣ የቀሩት ሁለት ቤቶች በር ላይም ክምር። ዓርብ ጠዋት ሁሉም ይለኮሳል። እኔ በየእሳቱ አጠገብ ቆሜ ልጆች የማሳፍር ሰው ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ አደረስኳቸው። በብርዱ አጉረመረሙ። ሲጋራ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ርቄ አልፋለሁ። ዳዊት እየደገምኩ ነዳሁ፤ በቃሌ የማውቀው መዝሙር መጨረሻው ጠፋኝ። ለምን ነዳሁ? ብቀር ምን ብዬ እቀራለሁ ብዬ።

ከሰዓትም እንዲሁ ቤታቸው መልሼ፣ ሙላት ጋ። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ገባ። ወዲያው ወጣ። ሲጋራ ይዞ የቆመውን ጎረቤቱን፣ «ወግድ ከዚህ፣ ልትፈጀን ነው እንዴ» ብሎ አባረረው። ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት አልሸተተዎትም?»

ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየሁ።

ከታንከሩ ተኑን የሚያወጣው ጎማ ከሚግለው የጭስ ማውጫ፣ ከማርሚታው አጠገብ ተሰንጥቋል። ተኑን የሚይዘው ከሰል ያለበት ዕቃም በቤንዚን ርሷል።

«ማደያ እያስነቀነቁ ነው የሚያስሞሉት?»

«ሁሉም ያስነቀንቃል።»

«ሁሉም ያበላሻላ። የተረፈው እኮ እዚህ ከሰል ውስጥ ነው የሚገባው። ሴንሰሩ ጤነኛ ነበር ጋሼ። እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ፣ እሱኑ ነቅለን ጣልነው።»

ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅሁም።

ዕቃው ነገ ከሰዓት ይመጣል። ጎማውን ለጊዜው አሰረልኝ። «ለጠዋቱ ያደርስዎታል። ብቻ ከማስነሳትዎ በፊት ያሽትቱት። ከሸተተ እንዳይነኩት።»

ያሽትቱት አለኝ።

ቁልፉን ተቀበልኩ። ከዚያ መለስኩለት። «እዚሁ ትደር» አልኩ። ምክንያቱን አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ማልጄ ደጁን ተሳለምኩ። ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው። ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ሌላ ምንም። በእግሬ ወደ ልጆቹ ቤት ሄድኩ።

መጀመሪያ የመንትዮቹ አባት፣ ጌቱ። «መኪናዋ ተበላሽታለች፣ ዛሬ አልነዳም» ብቻ ብዬው ተሰናበትኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ ተመለስኩ። «ሌላም አለ። የቤንዚን ተን ታፈሳለች፤ እኔ ደግሞ አፍንጫዬ አይሸትም። አራት ዓመት ሆነው። እንዲህ ሆኜ ነው ልጆችህን የማመላልሰው።»

ጌቱ ጴንጤ ነው። «ጌታ ጠብቋቸዋል» አለ። ቀጥሎ፣ «እኛ ግን ማወቅ ነበረብን ጋሽ ታደሰ።»

ሁለተኛው ቤት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች፤ ለእናትየው በስልክ ነገርኳት። ሦስተኛው ቤት «እሺ» ብለው በሩን ዘጉ።

ሰናይትን መጨረሻ ያደረግኋት ስለፈራኋት ነው። እሳቱ የሚነደው እኔ ሁልጊዜ መኪናዋን የማቆምበት ቦታ ላይ ነበር። ሶልያና ቦርሳዋን አዝላ ትጠብቀኛለች። ለእናቷ ሁሉንም ነገርኳት፤ «ማደያ ቆይቼ ነው» ያልኩትንም።

«ልጄ ነግራዎት ነበር?»

«ሰኞ ነግራኛለች። ዋሸኋት።»

ሰናይት የልጇን እጅ ይዛ ወደ ታክሲ ሄደች። ደህና ዋሉም አላለችኝ። ከሰኞ ጀምሮ ይጠሩኝ አይጠሩኝ አላውቅም። ለአራቱም ቤት ነግሬአለሁ።