ሐዘን በተወካይ

ለውድ ወንድሜ ለኖላዊ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሲና ደህና ናት? ትንሿ ሶልያና ያ ሳሏ ለቀቃት ወይስ ገና ነው? የሰመራ ሙቀት ዘንድሮ ከአምናው ብሷል ሲሉ ሰምቼ፣ በዚያ ፀሐይ በምትሠሩት አዲስ መንገድ ላይ ቆመህ ስትውል እየታየኝ እጨነቃለሁ። ኮፍያህን አድርግ፤ ውሃም ጠጣ። እቴቴ ብትኖር የምትልህን ነው የምልህ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ያው እንደዚህ ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ዘንድሮ ግን ናፍቆቱ ከደህናው በልጧል።

ባለፈው ስትደውል ሁለት ነገር ጠይቀኸኝ ሁለቱንም ሳልመልስልህ ስልኩን ዘጋሁት። አክስታችን እቴቴ አፀደ ያረፈች ጊዜ ከመሥሪያ ቤትሽ ማን ማን መጣ ብለኸኝ ነበር። ቀጥለህ ደግሞ፣ ግንቦት ላይ ለሚወጣው የመንፈቅ ተዝካሯ ፈቃድ ስለማላገኝ እንደ ቀብሩ ጊዜ ጓደኛዬን ጆኒን ልላክልሽ ወይ አልከኝ። ንቄህ አይደለም፤ በስልክ የሚነገር ስላልሆነብኝ ነው። የሁለቱም መልስ አንድ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብያለሁ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። እዚህ ለቡ ባለው የአሉሚኒየም በርና መስኮት ድርጅታችን የሥራ ሂደት አስተባባሪ ከሆንኩ ዓመት አልፎኛል። አንተ "ሰው ሲሠራ እያየሽ ደመወዝ ትበያለሽ" እያልክ ትቀልድብኛለህ፤ አልተሳሳትክም። አንድ ትእዛዝ ደንበኛው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ቤቱ ላይ እስኪገጠም በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቆምና ለምን እንደሚቆም በባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ከዚያ የማያስፈልገውን እነቅላለሁ። ሊለካ የሄደው ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው እንደገና ይገለብጠው ነበር፤ ነቀልኩት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ መኩሪያ ካልፈረሙ አንድ መስታወት ከመጋዘን አይወጣም ነበር፤ እሱንም ነቀልኩት። እሳቸውም አኩርፈው ሰነበቱና ለመዱት።

ከነቀልኳቸው አንዱ ለቅሶ ነበር። ድሮ ከመካከላችን አንዱ ሰው ሲሞትበት ድርጅቱ እንዳለ ይዘጋና ሁላችንም በአይሱዙው ተጭነን እንሄዳለን። ያ መኪና ደጃፉ ሲቆም ሐዘንተኛው ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚጎዳው ግን ደንበኛ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት መስኮቷ በሚገጠምበት ቀን እኛ ለቅሶ ሄደን፣ ልጆቿን በዚያ ሁሉ ዝናብ ላስቲክ በተወጠረበት ክፍል አስተኛች። ቢሮ መጥታ ስትናገረኝ የምገባበት ጠፋኝ። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ተወካይ ብቻ ይሂድ፣ የማጽናኛውን ፖስታ ያድርስ፣ ከምሳ በኋላ ሥራው ላይ ይገኝ የሚል አሠራር አወጣሁ። ገጣጣሚው ግዛው በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ "ሐዘን ደግሞ በተወካይ ይሆናል?" አለኝ። ፈገግ ብዬ ስለ ደንበኛ እርካታ አስረዳሁት። እጁን ሲያወርድ የገባው መሰለኝ። የደንበኛ ቅሬታ ግን የእውነት ቀነሰ፤ አስተዳደሩም አጨበጨበልኝ።

ኅዳር ላይ እቴቴ አረፈች። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ እኔ በዚያ ሁሉ መሃል ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? "በቀኝ በኩል ያሉትን አግዳሚዎች ተዉልኝ፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በአይሱዙ ይመጣሉ" አልኩ። የራሴን አሠራር ረስቼው ነው። ሰው ሐዘን ሲደርስበት የሚያስታውሰው የቆየውን ነው መሰለኝ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና እያልኩ ጠበቅኩ። ሲቆይ የመጋዘኑ ላቀው ከሚኒባስ ወርዶ ብቻውን ገባ። "ድርጅቱን ወክዬ ነው፤ እግዜር ያጥናሽ" አለኝና ካስያዝኳቸው አግዳሚዎች አንዱ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጆኒ መጣ። "ኖላዊን ወክዬ ነው" አለኝና እሱም ሄዶ ከላቀው አጠገብ ተቀመጠ።

ለአክስት ፈቃድ አይሰጥም ብለው እንደከለከሉህ አውቃለሁ። ያሳደገችን እሷ መሆኗን የሚጽፉበት ቦታ አሠራራቸው ውስጥ የለም፤ እኔም ባወጣው ኖሮ አይኖረውም ነበር። ስለዚህ አልተቀየምኩህም። ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሌላው አግዳሚ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳየው የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ጎረቤታችን ጠጋ ብላ "የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ገና ናቸው?" ስትለኝ ላቀውን አሳይቻት "እሱ ነው" አልኳት። ላቀው ምሳ እንዳለፈ ተነሣና "ሰዓቴ ደረሰ፤ አሠራሩን አንቺው ታውቂዋለሽ" አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አፍሮ ነው። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት ለእቴቴ ብቻ አልነበረም።

ሥራ ስገባ ሁሉም በያለበት ሆኖ "ነፍስ ይማር" አለኝ፤ መቁረጫው ማሽን አልቆመም። የነገርኳቸውን ነው ያደረጉት፣ በማን ልቀየም? አቶ መኩሪያ አሠራሩን ወደ ሌሎቹ ቅርንጫፎች ውሰጂው ሲሉኝ የለቅሶው ነገር ይቅር ብዬ ለመንኳቸው። "ጉዳቱን በቁጥር አሳዪኝ" አሉኝ። ባዶ አግዳሚ በየትኛው ዓምድ እንደሚሞላ ስላላወቅኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሠራሩ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

ቤቱን እንዴት ብዬ ልንገርህ። ማታ ስገባና በሩን ሳንኳኳ እቴቴ እኔ መሆኔን እያወቀች ከውስጥ "ማነው?" ትል ነበር፤ "እኔ ነኝ" ካላልኩ አትከፍትም። አሁን ቁልፍ ይዤ ነው የምወጣው። አንዳንድ ቀን እረሳና አንኳኩቼ እቆማለሁ። ለፋሲካ ጎረቤቶች ጠርተውኝ ዋልኩ፤ እስኪበቃኝ አጎረሱኝ። ስመለስ ሁሉ ነገር እንደተውኩት ነበር፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ ከቦታው የሚያነሣ ሰው የለም። ከብዶኛል፣ ወንድምዓለም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሽያጭ ሠራተኛችን የሐሚዳ አባት ፉሪ ላይ ሞቱ። ተወካዩ ግዛው ነበር። እኔ ከዓመት ፈቃዴ ቀን አስቆርጬ ሄድኩ። ሐሚዳ ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ አየችኝና "ዛሬ ተወካይዋ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "አይ፣ እሱ ግዛው ነው። እኔ ራሴ ነኝ የመጣሁት" አልኳት። ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችልኝ። ልነሣ ስል እጄን ይዛ "ትንሽ ቆዪ" አለችኝ፤ እኔም እስኪመሽ ቆየሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፤ ጆኒን አትላክብኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ይወደኛል፣ እወደዋለሁ። አንተ ግን ራስህ ና። ለአክስት አንሰጥም ካሉህ ከዓመት ፈቃድህ ውሰድ። ለተዝካሩ ባትደርስ እንኳ ካህናቱ ከሄዱ፣ ድንኳኑም ከተነሣ በኋላ ና፤ ድግሱን የሚበላ ሰው አይጠፋም። አንተ በሩን ስታንኳኳ እኔ አንተ መሆንህን እያወቅኩ ከውስጥ "ማነው?" ልበልህ። "እኔ ነኝ" በለኝ።

ሲናን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሻሽ ደርሶኛል፣ አምሮብኛልም ብላለች በላት። ለሲና እናት ለጉልበታቸው ምሕረቱን ያውርድላቸው። ሶልያናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ናት የላከችው በላት። ከዚህ በኩል እንደ ወትሮዬ "እቴቴም ሰላም ትልሃለች" ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር። እሷን መወከል አልቻልኩም። ከዚህ ቤት ሰላም የምትልህ እኔ ብቻ ነኝ።

እህትህ ቤተልሄም

ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.