አሮጌው ኮምፒውተርህና ወንዛችን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለያዕቆብ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? የሎጊያ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሮሃስ፣ ኖህስ ደህና ናቸው? እኛ ቸሩ መድኃኔዓለም ይመስገን በጤና አለን፤ የአባባም ሳል ለቀቅ አድርጓቸዋል። ደህና ነን ልበልህ እንጂ ልቤ አላርፍ ብሏል። በስልክ እንዳልነግርህ ቤታችን ጠባብ ነው፣ አባባ ይሰማሉ፤ ስለዚህ ይህችን በሹፌሩ በለታ እጅ ልኬልሃለሁ።

ትተኸው የሄድከውን አሮጌ ኮምፒውተር ለወንዙ ላውለው ያልኩህን ታስታውሳለህ። ከወንዙ ላይኛ በኩል ጋሽ ቱሉ አጥር ላይ ያሰርናት ካሜራ የወንዙን ፎቶ ትልካለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፎቶውን ገጽ ላይ አውጥቶ የሰፈሩ ሰው በየስልኩ እንዲያየው ያደርጋል። መጀመሪያ ገጹን ለየስልኩ የሚያድል፣ አንተ ያልከኝን ትልቁን ዌብ ሰርቨር ጫንኩበት። ሽማግሌ ላይ ኩንታል እንደ መጫን ሆነ። ሰባት ስምንት ሰው አብሮ ሲከፍተው ሜሞሪው ያልቅና ድርቅ ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ "የሐመልማል ቴሌቪዥን" እያለ ሳቀብኝ። እልህ ያዘኝና ላይቲ የሚባለውን ቀላል ሰርቨር መረጥኩ፤ ዳታቤዝ የለ፣ ምን የለ፣ ፋይሉን አንስቶ መስጠት ብቻ። ኮምፒውተሩ ነፍስ ዘራ። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ቢከፍተው ንቅንቅ አይልም። ኮርቼ ነበር፣ አልደብቅህም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ ጋሽ ቱሉ ከላይ "ውሃ!" ብለው ወደ አባባ እንደሚጮኹ፣ አባባም ተቀብለው ታች ላሉት ለእማማ ዘርትሁን እንደሚጮኹ ታውቃለህ። ያ የመጀመሪያው ሰርቨር ድርቅ ይል በነበረ ጊዜ ማንም ስላላመነው ጩኸቱ አልቀረም። ሳስበው የሚጠብቀን ያ የማይረባው ነበር። ባለፈው ሳምንት ወንዙ ሲሞላ ገጹ አንዴም አልተደናቀፈ፤ ሁሉም አየ፣ ሁሉም ዕቃውን አነሳ፣ አንድም ሰው አልጮኸ። የእማማ ዘርትሁን ስልክ ገጹን የማይከፍት ባለ ቁልፍ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። አልጋቸው ላይ ቆመው "ድረሽልኝ ቁስቋም ማርያም" ሲሉ ደረስንላቸው፤ ውሃው ፍራሹን ነክቶ ነበር። አባባን ለምን አልጮኹም ብላቸው፣ ሁሉም ያየዋል ብዬ ነው አሉኝ። ጋሽ ቱሉም ያንኑ ደገሙልኝ።

እማማ ዘርትሁንን ለክረምቱ እኛ ጋ ይክረሙ ብንላቸው፣ አባታችሁ መዝገቡ እያለ ምን እሆናለሁ፣ ይጮህልኝ የለም ወይ ብለው እንቢ አሉ። አባባ ግን በሩን ትተው ስልኩን ይዘዋል፤ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ደራሽ ውሃ ድንጋይ እያንኳኳ እንደሚመጣ ያስተማሩን እሳቸው አልነበሩም? ደግሞ ዝናብ ሲበረታ መብራት ይሄዳል። ሰርቨሩ የቱንም ያህል ቢቀል ያለ መብራት አይሠራም፤ ስልኩ ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ፎቶ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው፣ አንቺ የሠራሽው አይዋሽም ይሉኛል። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። እባክህ አንተ ደውልላቸው፤ የበኩር ልጃቸውን ቃል ይሰማሉ። ፎቶውን አይተውም ቢሆን እንዲጮኹ ንገራቸው።

ሮሃን ናፍቀሽኛል በልልኝ። የኖህን ጉንጭ ግራና ቀኝ ሳምልኝ። አባባ ምርቃታቸውን ልከዋል። ጋሽ ቱሉ፣ ያ ጎረምሳ እንዴት ነው ብለውሃል። እማማ ዘርትሁን ደግሞ፣ ለመስቀል ይምጣና ዓይኑን ልየው ብለዋል።

ስሜን ልጽፍ ስል መብራት ጠፋ። እንጦጦ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠቆረ ነው። አባባ ስልካቸው ላይ የቀረውን ፎቶ ወደ እኔ አዙረው፣ ይኸው የወንዙ ድንጋይ ገና ደረቅ ነው አሉኝ። እኔ ግን ከወንዙ የድንጋዩ ኳኳታ ይሰማኛል፤ ከላይ ደግሞ ማንም አልጮኸም። ልውጣና ልጩኽ።

እህትህ ሐመልማል መዝገቡ
ጉለሌ፣ ቁስቋም ሥር
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.